ከቤት የማይወጣው ኮምፒውተር

ጣቴ ገባ። አደጋው መጀመሪያ የታወቀኝ በጣቴ ነው።

ልጄ ከሥራ ገብታ የጀርባ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ልትታጠብ ሄደች። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከመስኮቱ አልወረደችም። ቦርሳውን ከወንበሩ ላነሳ በሥሩ ስይዘው ጣቴ ጨርቁን አለፈና ስፖንጁ ውስጥ ገባ። አዙሬ አየሁት። ከጎኑ ጀምሮ ጀርባ ላይ ወደሚያርፈው በኩል የሚሄድ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጥ ያለ መስመር ነው።

እኔ የምተዳደረው በስፌት ነው። አብነት ሰፈር፣ ሁለት ሰው ከቆመባት የምትሞላ ሱቅ አለችኝ፤ በእግር መኪና እሰፋለሁ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ጨርቅ ግን አነባለሁ። የተቀደደ ጨርቅ ክሩ ተንጨባርሮ ይቀራል። ይሄኛው ክሩ ሁሉ እኩል ተቆርጦ ነበር። ምላጭ ነው።

«ነይ እስቲ፣ ጀርባሽን አዙሪልኝ» አልኳት።

እጇ ውኃ እያንጠባጠበ መጣች። ሹራቧ ከወገቧ ከፍ ብሎ በግራ በኩል አራት ጣት ያህል ተከፍቷል። ከሥሩ ያለው ካናቴራ ደህና ነበር። ከካናቴራው ሥር ያለችው ልጄ ናት።

«ምንም አልተሰማሽም?»

«ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ገፋ ገፋ ሲያደርገኝ ነበር። ሁሌም እኮ ይገፋሉ እማ።»

ቁርጡን ሳሳያት ፊቷ ነጣ። ከዚያ ሮጣ ላፕቶፑን አወጣች፣ ከፈተችው፣ ብርሃኑ ሲመጣ በረጅሙ ተነፈሰች። «ምንም አልሆነም፣ ተመስገን!» አለች።

እኔ ስለ ላፕቶፑ አልጠየቅኳትም።

ሥራዋን ልንገራችሁ። ልጄ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። ገና መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረ ሕንፃ ኮምፒውተር ውስጥ ታቆምና ባለቤቱን በደረጃው ታስወጣዋለች፣ በመስኮቱ ታሳየዋለች፣ የከሰዓት ፀሐይ የትኛው ክፍል እንደምትገባ ትነግረዋለች። ሜክሲኮ ያለ አንድ ቢሮ በየሥራው ይጠራታል፤ ደንቡ ግን ሁሉም የራሱን ኮምፒውተር ይዞ እንዲመጣ፣ ማታ ይዞ እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ያንን ነገር ጠዋት አዝላ ትወጣለች፣ ማታ አዝላ ትገባለች። እንጀራዋ ጀርባዋ ላይ ነው። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ይህንን አላሰብኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሰው ፊት ማየት ተውኩ፤ እጅ ብቻ ነው የማየው። ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ እጁን አያለሁ። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ የሚሰበስበውን ልጅ ጣቶች አያለሁ። ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን ከከተተ ዓይኔን ከዚያ ኪስ ማንሳት አልችልም። አንድ ቀን ከጫማ ሠሪው ጎረቤቴ ትራፊ ቆዳ ለምኜ የቦርሳውን ገበር በቆዳ ሰፋሁት። ጠንካራ ሆነ፣ ምላጭ አይበሳውም። ሰፍቼ ጨርሼ ቁጭ ብዬ ሳየው ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ቦርሳው ምላጩን እምቢ ካለው፣ ምላጩ ወደ የት ይሄዳል? ቆዳውን መልሼ ተረተርኩት።

ጠዋት ጠዋት እሷ ከወጣች በኋላ ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ከኋላዋ መሄድ ጀመርኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ፣ እስከ ቢሮዋ በር። በአምስተኛው ቀን እንደ ተለመደው ስከተላት ድንገት ፈጠነች። እኔም ፈጠንኩ። ሮጠች። እኔም ሮጥኩ። አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ገብታ ተደበቀች፣ ተከትዬ ስገባ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አገኘኋት።

«አንቺ ነሽ?» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየተከተለኝ ነው ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት፣ አንቺ ነሽ እማ?»

ዳቦ ሻጯ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም።

ላፕቶፑም እያረጀ ነበር። ሥራ ሲበዛበት እንደ ካውያ ይግላል፣ አንዲት ሥዕል ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ልትቀይረው ስታጠራቅም ቆይታ ነበርና አንድ ቅዳሜ ሊገዛ ተብሎ አብሬያት ሄድኩ። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። ልቤ ውስጥ የወሰንኩት አንድ ነገር አለ፤ የሚገዛው ነገር ከቤት የማይወጣ መሆን አለበት።

ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ የተባ። መጀመሪያ እንደ ደብተር የሳሳ ላፕቶፕ አወጣ።

«እናት፣ ይሄን ይዩት። ላባ ነው። ከጀርባዋ ላይ መኖሩንም አታውቀው።»

«ከጀርባዋ ላይ መኖሩን ካላወቀች፣ ሲሄድስ በምን ታውቃለች?» አልኩት።

ሻጩ ሳቀና ወደ ልጄ ዞረ። «እናትሽ አራዳ ናቸው!»

ልጄ ግን የሳሳውን አልወደደችውም። ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፣ ሲግል ራሱን ያዘገያል አለችኝ። ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ነው፣ ሕንፃ ለሚያቆም አይሆንም። ከዚያ ወፍራሙን ላፕቶፕ አመጣ። ጉልበቱን አሞካሸው። ልጄ በአንድ እጇ አነሳችው፣ ቻርጀሩን በሌላው። ቻርጀሩ ብቻውን የጡብ ያህል ነው።

«ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለችው።

«በምን ሥራ?»

«በእኔ ሥራ።»

«በአንቺ ሥራማ…» አለና ራሱን አከከ። «ሶኬት አጠገብ ብትቀመጪ ይሻላል።»

«እና ይህን ሁሉ የምሸከመው ሶኬት ፍለጋ ነዋ!»

በመጨረሻ ትልቁን ሳጥን አሳየን። ሲፒዩ ነው የሚሉት፤ ሞኒተሩ ለብቻ፣ ኪቦርዱ ለብቻ። በዚያው በወፍራሙ ላፕቶፕ ዋጋ እጥፍ ይሠራል አለ። አንድ ነገር ቢበላሽበት ተፈቶ ያ ብቻ ይቀየራል። ውስጡ ንፋስ እንደ ልቡ ይገባል። ልጄ ሳጥኑን በክፍት ጎኑ ስታየው ዓይኗ እንደ ልጅነቷ ሆነ፤ ቀጥሎ ግን ጨለመ።

«ቢሮ እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ?»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ስለ ስፌት መኪና ነገርኳት። ወጣት ሆኜ በእጅ የምትዞር ትንሽ መኪና ነበረችኝ፤ በየደንበኛው ቤት ይዣት እሄዳለሁ፣ መጋረጃ ሲሆን ትሰፋለች፣ ጂንስ ሲያገኛት ግን ትዘላለች፣ መርፌዋ ይሰበራል። የእግር መኪናው ሥሩ ብረት ነው፣ አራት ሰው ነው የሚያነሳው፤ ግን የሰጠሽውን ሁሉ ይሰፋል፣ ፈቀቅ አይልም። ደንበኛ ሲለምድ ራሱ ይመጣል። «ከባድ ነገር ሥራ ያከብራል» አልኳት። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም።

ልጄ ከሳጥኑ ወደ እኔ ዞረች። «እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «የምትቆልፊው ኮምፒውተሩን ነው ወይስ እኔን?»

«ጠቅልልልን» አልኩት ሻጩን። ሳጥኑን ገዛን።

ሁለት ወር ሰላም ሆንን፣ ወይም እኔ ሰላም ሆንኩ። ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሳጥኑን መኝታ ቤቷ አስቀመጠች፣ ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ቢሮው ቤት ሆና እንድትሠራ ፈቀደላት። ሥዕሏ በሰዓታት ይወጣ ጀመር። ከሱቅ ስመጣ በሩን ከውጭ አዳምጬ ያንን ድምፅ ስሰማ ነው የምተነፍሰው። እሷ ግን ጉንጯ ገረጣ። የምታወራው ከሞኒተሩ ጋር ሆነ። አንዳንዴ ሳላንኳኳ ስገባ ደንግጣ ዘላ ትነሳለች፤ ፍርሃቴን ከእኔ ተቀብላ አዘለችው መሰለኝ።

ከዚያ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ።

አንድ ቀን ታገስን። ሁለተኛውም ቀን አለፈ። ሳጥኑ ባትሪ የሚባል የለውም፤ አጠገቡ ያለችው ዩፒኤስ የሚሏት የመብራት ማቆያ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ለማጥፋት ያህል እንጂ ለሥራ አትሆንም። በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ብቻዋን የሠራችውን ትልቅ ሕንፃ ለባለቤቶቹ ማሳየት ነበረባት። ያን ቀን ካልቀረበች ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ቢሮውም ሁለተኛ አይጠራትም።

«ውስጡ ያለውን ነገር ብቻ አውጥተሽ በፍላሽ አትወስጂውም?» አልኳት።

«የቢሮው ኮምፒውተሮች ፋይሉን ሲከፍቱት ይደነዝዛሉ እማ። ሞክረነዋል። አሮጌው ላፕቶፕማ ጭራሽ አይከፍተውም። ይሄው ራሱ መሄድ አለበት።»

መኪና እንጥራ አለች። የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ መኪና አይገባም፤ ዋናው አስፋልት ድረስ ያው መሸከም ነው። እዚያ ብናገኝስ? ሾፌሩ እኛ ስንወርድ ዕቃውን ይዞ ቢነዳ? እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቻለሁ፣ ያልሰማሁትንም ራሴ ጨምሬበታለሁ። እሷ ለመከራከር ጊዜ አልነበራትም፣ ሳጥኑን አቅፋ ልትወጣ ተነሳች። ሳየው መስተዋት ጎኑ ያብረቀርቃል። ከልደታ ጀምሮ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ያለው እጅ ሁሉ ታየኝ።

«አስቀምጪው» አልኳት። «አዝለዋለሁ።»

«ምን?»

«በማዘያ።»

ጨርቅ ዘርግቼ፣ የተረፈኝን ሰፊ ማሰሪያ ጥንድ አድርጌ በእጄ ሰፋሁበት። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ ማዕዘኑ እንዳይታይ በሁለት በኩል ፎጣ ወሸቅኩ፣ የሕፃን ራስ እንዲመስል ትንሽ ትራስ ከላይ አሰርኩ። ልጄ አልጋው ላይ ተደፍታ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። ከሁለት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቅ እሱ ነው።

«እኔ ላዝለው እሺ፣ ከባድ ነው» አለች።

«አንቺ ብታዝዪ ሰፈሩ ሳትዳሪ ወለደች ይልሻል። እኔን የልጅ ልጅ አላት ይላሉ፣ ይበሉ።»

ሌላውን ምክንያቴን አልነገርኳትም። ምላጭ የሚመጣው ወደ ተሸካሚው ጀርባ ነው።

አጎንብሼ አሳዘለችኝ፣ ጋቢውን ከላይ ደረበችልኝ። «እንዳታንገጫግጪው፣ ውስጡ ያለው ካርድ ይነቀላል» አለች። ክብደቱ ልክ የዓመት ልጅ ያህል ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድኩ።

ተንኮሌ ሠራ። እኛ አገር የታዘለና የተሸፈነ ልጅ ማንም አይገልጥም፤ ዓይን ይበላዋል ብሎ የሚፈራው ራሱ አላፊው ነው። የተቆፈረው መንገድ ላይ ሠራተኞቹ ሳንቃ አጋድመው አሻገሩኝ። «ያሳድግልሽ እናቴ!» ይላሉ፤ «አሜን» እላለሁ። ብረት ላይ አሜን ማለት ኃጢአት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

ከባቡሩ ሐዲድ ድልድይ ሥር አንዲት ዘንግ የያዙ አሮጊት አብረውን መራመድ ጀመሩ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው።»

«ደንዳና ነው መሰለኝ፣ አጎበጠሽ። የልጅ ልጅ ነው?»

«አዎ እማማ።»

ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እና አንቺ ነሽ እናቱ? እናትሽን አሸክመሽ ባዶ እጅሽን እንዲህ ትንጎማለያለሽ? እጅሽ ተሰብሯል?»

«ይቅርታ እማማ» አለች ልጄ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

«እኔን ይቅርታ ምን ያደርግልኛል! እሷን ነው! አንገቱንም ደግፊው፣ ታጥፎበታል!»

ልጄ እጇን ልካ የትራሱን አንገት ደገፈች። እስከ ሜክሲኮ ድረስ እንደደገፈች ሄደች፤ አሮጊቷ እየዞሩ ያረጋግጡ ነበርና።

ሜክሲኮ ስንደርስ ሰው በሰው ላይ ነው። የእግረኛው መብራት እስኪፈቅድ ቆምን፣ ከኋላም ሰው ሞላ። ያን ጊዜ ከጋቢው በታች፣ ከሸክሙ ሥር እጅ ተሰማኝ። ሙሉ መዳፍ ነው። ሸክሙን ከታች ወደ ላይ ትንሽ ከፍ አደረገው። ልጄ ከግራዬ ናት፣ ሁለት እጆቿም ይታዩኛል። የእሷ አይደለም።

ዞሬ ማየት አልቻልኩም። አፌ ግን ተከፈተ።

«ልጄን!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጄን! ልጄን!»

እጁ ጠፋ። የማን እንደነበረ፣ ሊሰርቅ ይሁን ወይስ ከብዷታል ብሎ ሊደግፍልኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አደባባዩ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ዘላ ተነሳች፣ ሊስትሮዎች ሮጡ፣ «የታለ? ማነው?» የሚል ጩኸት ሆነ። ማንንም ማሳየት አልቻልኩም፤ ባሳይ ኖሮ ያን ሰው ምን ያደርጉት እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

«ልጁ ደህና ነው? እስቲ እንየው!» አለች አንዷ፣ እጇን ወደ ጋቢው ዘርግታ።

«ተይ አንቺ! የተኛ ልጅ አይገለጥም!» አለቻት ሌላዋ።

«ታዲያ እንዴት በዚህ ሁሉ ጩኸት አይነቃም? ምነው ዝም አለ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጀርባዬ ተጠጋ። ምነው ዝም አለ የሚለው ቃል ከኋላዬ መጥቶ አንገቴ ላይ አረፈ።

«ታሟል» አለች ልጄ ቶሎ ብላ። «ሐኪም ቤት እያደረስነው ነው፣ እባካችሁ አሳልፉን!»

ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ስምንት ወሩ። ትኩሳት ይዞት አዝዬው ወደ ሐኪም ቤት በእግሬ ስሮጥ መንገድ ላይ አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እንዳይነቃ ብዬ እርምጃዬን ሁሉ ቀነስኩ። ማዘያውን የፈታችው ነርሷ ናት። ልጄ ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ ሲሞት ጀርባዬ ላይ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። «ሐኪም ቤት» ያለችው ለማምለጫ ብላ ያገኘችው ውሸት እንደሆነ ብቻ ነው የምታውቀው።

እንባዬ ወረደ፤ እሱም ጠቀመን። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አንስቶ በአራቱም በኩል መኪናውን አቆመልን። «አይዞሽ እናቴ፣ ይድናል» አለኝ ሳልፍ። ያ ሁሉ መኪና ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ እኔ በመካከሉ እየሄድኩ «ፊቱን እይልኝ፣ ፊቱን እይልኝ» እላለሁ። ልጄ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ትራሱን ሸፈን አድርጋ «ደህና ነው እማዬ» አለችኝ። «ደህና ነው፣ ተራመጂ።»

የቢሮው በር ላይ ያለው ፈታሽ የሰውን ቦርሳ ሁሉ ይበረብራል፤ እኔን «እለፊ እናት፣ እንዳይነቃ» አለኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ገብተን ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ልጄ ስትፈታው የቢሮው ኃላፊ አፉን ከፍቶ ቀረ። ብርድ ልብሱ ተገለጠ፣ ገመዶቹ ከቢሮው ሞኒተር ጋር ተሰኩ። ከታች የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። ልጄ ቁልፉን ተጫነች። ትንሽ ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከዚያ ማራገቢያው ዞረ፣ ሞኒተሩ ላይ ብርሃን መጣ።

ስምንት ሰዓት ሆኖ ባለቤቶቹ መጡ፣ እኔ ጥግ ወንበር ላይ ውኃ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ ሕንፃውን ከፈተችው። በደረጃው አስወጣቻቸው፣ በረንዳው ላይ አቆመቻቸው። አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ግድግዳ ከዚያ ወዲህ ቢሆንስ?» ሲል እዚያው እያየ ግድግዳውን አንስታ አዛወረችው፤ ሳጥኑ ቅንጣት አላመነታም። እንዲህ ስትሠራ አይቻት አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ከሞኒተር ጋር ከምታወራዋ ልጅ ጋር አትመሳሰልም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ኃላፊው እየሳቀ መጣ። «እናት፣ አሁን ደግሞ መልሰው ሊያዝሉት ነው?»

«አላዝለውም» አልኩት። ድምፄ ከፍ አለብኝ። «እሷም አታዝለውም። ምላጭ ሹራቧን ቆርጦባት ያውቃል፣ ነግራችሁ አታውቅም፣ እኔ እነግርዎታለሁ።» ነገርኩት፤ በጣቴ እያሳየሁ። «ቤትም አስቀምጬባታለሁ፤ እሱም ልክ አልነበረም። ደንብ ነው ካላችሁ ደንቡን ቀይሩት። መብራቱም፣ ጥበቃውም፣ ሥራውም ያለው እዚህ ነው።»

ልጄ ታፍራለች ብዬ ነበር። አላፈረችም። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አለች። «ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ስሄድ የታተመ ወረቀት ይበቃኛል። ማሽኑ ግን አንድ ቦታ ይቀመጥ።» ወደ እኔ ዞራ፦ «ቤት ሆኜ መሥራቱ ይቀራል ማለት ነው እማ። መንገዱን እሄዳለሁ። ትችያለሽ?»

«ባዶ እጅሽን ከሆነ እችላለሁ» አልኳት።

ኃላፊው ተነስቶ ክፍሎቹን ዞረ። ጄኔሬተሩ ከሚያበራው ክፍል የጥግ ጠረጴዛ ሰጣት፣ የሚቆለፍ፤ ቁልፉ በእሷ እጅ። ማሽኑ እዚያ እንዲቀመጥ የሚል ወረቀት እዚያው ፈርሞ ሰጣት።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ወጣን። በእግራችን ነው የተመለስነው፤ ልጄ ክንዴን ይዛ፣ በሌላ እጇ ምንም። ሰው ገፋን፣ እኛም ገፋን። አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬያለሁ፣ አልዋሽም። በመንገድ ላይ «ፊቱን እይልኝ» ያልኩትን አንስታ ስለ ወንድሟ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፤ እስከ ሰፈራችን ድረስ ክንዴን አጥብቃ ይዛ ነበር።

አራተኛ ፎቅ ወጥተን በሩን ከፈትን። መብራቱ ገና አልመጣም፣ ቤቱ ግን የቀን ብርሃን አለው። ልጄ ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች። እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። ደህና ገባን። ልጄ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ።